የደሴት ዛፍና የቅጽር ዛፍ፤ ከጣና ቂርቆስ እስከ ካዛንቺስ

ቂርቆስ በሚል ስም ከሚጠሩት የኢትዮጵያ ቦታዎች መካከል ሁለቱ በአቀማመጥም በኑሮም እጅግ የተራራቁ ናቸው። አንደኛው በጣና ሐይቅ ላይ፣ ከምሥራቃዊው ዳርቻ አቅራቢያ የሚገኘው ጥንታዊው የጣና ቂርቆስ ገዳም ደሴት ነው። ሁለተኛው በአዲስ አበባ እምብርት የሚገኘውና ስሙን ከቅዱስ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን የወሰደው ሰፈር ነው፤ ከተማይቱ በ1995 ዓ.ም. በክፍለ ከተሞች ስትዋቀር ይኸው ስም ካዛንቺስን ጨምሮ ለመላው ክፍለ ከተማ መጠሪያ ሆኗል። የመጀመሪያውን ውኃ ይከብበዋል፤ ሁለተኛውን አስፋልትና ሕንፃ ይከብበዋል። ይሁን እንጂ የዕፅዋትን ኑሮ ለሚመረምር ሰው ሁለቱ ቦታዎች የአንድ ጥያቄ ሁለት መልኮች ናቸው። ጥያቄውም በጠባብ ቦታ ተከቦ የቀረ ዛፍ ዘሩን እስከ መቼ ሊያቆይ ይችላል የሚል ነው።

ይህ ጥያቄ በዓለም የዕፅዋት ጥበቃ ታሪክ ውስጥ በይበልጥ የተነሣው በውቅያኖስ ደሴቶች ላይ ነው። በደሴት ላይ የበቀለ ተክል የሚሸሽበት ሌላ አገር የለውም። ጥቂት ፍየሎች፣ አንድ የኖራ ምድጃ ወይም አንድ ክፉ በሽታ ለሺህ ዘመናት የኖረውን ዘር በአንድ ትውልድ ሊያጠፋ ይችላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከእነዚህ ደሴቶች የተገኘውን ትምህርት ከኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ደኖች ታሪክ ጋር አገናኝቶ፣ ለመሐንዲሱና ለግንባታ ሙያተኛው ምን እንደሚያስረዳ መመልከት ነው።

ሁለት ዛፎች በአንድ ደሴት

ቅድስት ሄሌና በአትላንቲክ ውቅያኖስ መካከል፣ ከአፍሪካ ጠረፍ ወደ 2,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ ትንሽ ደሴት ናት። ብዙው አንባቢ የሚያውቃት ናፖሊዮን ቦናፓርት በግዞት ኖሮባት እ.ኤ.አ. በ1821 በመሞቱ ነው። ለዕፅዋት ተመራማሪዎች ግን ደሴቲቱ የምትታወቀው በሌላ ታሪክ ነው። ፖርቱጋሎች እ.ኤ.አ. በ1502 ሲደርሱባት ሰው አልነበረባትም፤ በሌላ በየትኛውም የዓለም ክፍል የማይገኙ ዛፎች ግን ሞልተውባት ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፍየሎች ተለቀቁባት። ፍየሎቹ በዝተው ከመሬት ብቅ የሚለውን ችግኝ ሁሉ ጋጡት። ትልልቆቹ ዛፎች እንደ ቆሙ ስለ ነበሩ ጥፋቱ ለብዙ ጊዜ አልታየም፤ አሮጌው ዛፍ ሲወድቅ የሚተካው እንደሌለ የታወቀው በኋላ ነው። እንግሊዞች ደሴቲቱን ከያዙ በኋላ ደግሞ የደሴቲቱ ዞጲ የሚባለው ዛፍ ለምሽግና ለቤት መሥሪያ የሚሆን ኖራ ለማቃጠል በማገዶነት ተማገደ። ቅርፊቱም ለቆዳ ማልፊያ ተላጠ።

ከዚያ ወዲህ የሁለት ዛፎች ዕጣ በተለይ ሊታወስ ይገባል። አንደኛው የቅድስት ሄሌና ወይራ የሚባለው ነው። ስሙ ወይራ ይባል እንጂ ዘሩ ከእውነተኛው ወይራ አይደለም፤ የሚመደበው ከጌሾ ጋር በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ነው። ይህ ዛፍ ጠፍቷል ተብሎ ከታመነ በኋላ ጆርጅ ቤንጃሚን የተባለ የደሴቲቱ ተወላጅ እ.ኤ.አ. በ1977 አንድ ዛፍ በተራራ ላይ አገኘ። ከዚያ አንድ ዛፍ ቅርንጫፍ እየተቆረጠ ለማባዛት ብዙ ተሞከረ። ሆኖም ዛፉ በራሱ የአበባ ብናኝ በቀላሉ የማያፈራ ስለ ነበር ዘሩ እጅግ ጥቂት ሆነ፤ ቁራጩም ሥር ለመስደድ አስቸገረ፤ የተገኙትን ጥቂት ችግኞች ሻጋታ አጠቃቸው። በዱር የነበረው የመጨረሻው ዛፍ እ.ኤ.አ. በ1994 ደረቀ። በእንክብካቤ የቆየው የመጨረሻው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2003 ሞተ። በዚያ ዓመት አንድ የዛፍ ዘር ከምድር ገጽ ጠፋ።

ሁለተኛው ከላይ የተጠቀሰው ዞጲ ነው። እሱም ጠፍቷል ተብሎ ከመቶ ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1980 ያው ጆርጅ ቤንጃሚን ከተመራማሪው ክዌንቲን ክሮንክ ጋር ሲጓዝ ሁለት ቁጥቋጦዎች በገደል ላይ ተጣብቀው አየ። ወንድሙ ገደሉን ወርዶ ጥቂት ቅርንጫፎች ቆርጦ አመጣ። የእነዚህ ቁራጮች ሥር ያዘ፤ ከእነሱም በሺዎች የሚቆጠሩ ችግኞች ተባዝተው በደሴቲቱ ልዩ ልዩ ስፍራዎች ተተከሉ። ዘሩ እስከ ዛሬ ወደ መጥፋት እጅግ ከቀረቡት ዕፅዋት መካከል ቢመዘገብም አልጠፋም።

ደሴቲቱ አንድ ናት፤ ያገኛቸውም ሰው አንድ ነው፤ በመካከላቸው ያለው ጊዜም ሦስት ዓመት ብቻ ነው። ልዩነቱ የመጣው አንደኛው ዛፍ በብዙ ቦታ ሊደገም ሲችል ሌላው ሳይደገም በመቅረቱ ነው። የዕፅዋት ጥበቃ ዋናው ምሥጢር እዚህ ላይ ይገለጣል። የመጨረሻውን ዛፍ አጥሮ መጠበቅ ጊዜ ይገዛል እንጂ ዘር አያድንም። ዘር የሚድነው ሁለተኛና ሦስተኛ ቦታ ሲኖረው ነው።

ከቡና ጋር በአንድ ቤተሰብ የሚመደበው የሮድሪግ ደሴት ተክል ታሪክም ይህንኑ ያጠናክራል። በሞሪሸስ አገር ሥር ባለችው በዚህች የሕንድ ውቅያኖስ ደሴት፣ ጠፋ የተባለው ይህ ተክል እ.ኤ.አ. በ1980 አንድ መምህር ለተማሪዎቹ በሰጠው የዕፅዋት ፍለጋ ሥራ ምክንያት አንድ ብቻ ቀርቶ ተገኘ። የአካባቢው ሰው ተክሉን ለባህል መድኃኒት ይፈልገው ስለ ነበር ወሬው ሲሰማ ቅርንጫፉ መቆረጥ ጀመረ፤ በአጥር ላይ አጥር መሥራት ግድ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1986 ቁራጩ በአውሮፕላን ወደ ለንደን ወደ ኪው የዕፅዋት መካነ ጥናት ተላከና በዚያ ተባዛ። ሆኖም ተክሉ ሁልጊዜ ያብባል እንጂ አያፈራም ነበር። ካርሎስ ማግዳሌና የተባለ የዚያ ተቋም የአትክልት ባለሙያ ብዙ ከሞከረ በኋላ በ2003 ዘር ሊያገኝ ቻለ። አጥሩ ተክሉን ለጊዜው ጠበቀው፤ ዘሩን ያቆየው ግን ከደሴቱ የወጣው ቁራጭ ነው።

በየብስ ላይ ያሉ ደሴቶች

ኢትዮጵያ የባሕር ደሴት አይደለችም። ሆኖም በሰሜኑና በመካከለኛው ደጋ የሚጓዝ ሰው ሰፊ የእርሻ መሬት አልፎ፣ በመካከሉ ክብ ሆኖ የቆመ ጥቁር አረንጓዴ ደን ካየ፣ በዚያ ደን ውስጥ ቤተ ክርስቲያን እንዳለ ሳይጠይቅ ያውቃል። ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባ፣ ጥቁር እንጨትና ኮሶ ከሌላው ምድር ሲመነጠሩ በዐጸዱ ውስጥ ቀሩ። ይህ በእውነት ደሴት ነው። በውኃ ፈንታ የተከበበው በጤፍ፣ በገብስና በግጦሽ መሬት ነው።

የዚህ ጥበቃ መነሻ እምነት መሆኑ ግልጽ ነው። ዛፉ የቤተ መቅደሱ ልብስ ተደርጎ ስለሚታይ በዘፈቀደ አይቆረጥም፤ ምእመኑም በጥላው ይጸልያል፣ በሥሩ ይቀበራል። በጣና ዳርቻ የሚገኘው የዘጌ ልሳነ ምድር ደግሞ ከዚህ የጠበቀ ሥርዓት ነበረው። በገዳማቱ ትውፊት መሠረት በዘጌ ምድር በበሬ ማረስና የቀንድ ከብት ማርባት የተከለከለ ሆኖ ኖሯል። ነዋሪው ቡናውን በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር እያለማ ስለ ኖረ ደኑ ሊቆይ ችሏል። በቅድስት ሄሌና ዛፉን ያጠፋው የእንስሳ ጥርስ እንደ ነበር ለሚያስታውስ አንባቢ የዘጌ ሥርዓት ትርጉም ወዲያውኑ ይታየዋል።

ከዚህም የሚበልጥ አንድ የቆየ ትውፊት አለ። ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በሰሜን ሸዋ ከሚገኘው ከወፍ ዋሻ ደን የጽድ ዘር አስመጥተው፣ ከዛሬዋ አዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በሚገኘው በመናገሻ ተራራ ላይ እንዳስተከሉ ይነገራል። ንጉሠ ነገሥቱ መቀመጫቸውን በደብረ ብርሃን ያደረጉ ስለ ነበሩ ወፍ ዋሻ ሩቅ አልነበረም። የመናገሻ ደን ዛሬም የቆመ ሲሆን ከጥንታዊው የጽድ ደን የተረፈ ዋና ክፍል ነው። ትውፊቱ በሙያ ዓይን ሲታይ የሚያስደንቅ ነው፤ ምክንያቱም በአንድ ቦታ ያለን ዘር አስቀድሞ በሁለተኛ ቦታ መድገም ማለት ስለ ሆነ ነው። በወፍ ዋሻ ጽድ ገና ሳያልቅ በመናገሻ ሌላ ጽድ ቆመ።

የቤተ ክርስቲያን ደኖች በዘመናዊ ሳይንስ በስፋት የተጠኑት ግን ቅርብ ጊዜ ነው። ዶክተር አለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር በሚገኙ 28 አብያተ ክርስቲያናት ላይ ያካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ2007 በሆላንድ አገር በቫኽኒንኸን ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ማዕረግ ያቀረቡት ጥናት ከሁሉ የታወቀው ነው። የሃያ ስምንቱ ደኖች ስፋት ተደምሮ ወደ 500 ሔክታር ገደማ ብቻ ሲሆን፣ በውስጣቸው 168 ዓይነት ዛፎች፣ ቁጥቋጦዎችና ሐረጎች ተቆጥረዋል። ይህ ያህል የዕፅዋት ብልጽግና በዚህ ያህል ጠባብ መሬት መገኘቱ የሚያስደስተውን ያህል ሊያሳስብም ይገባል። ተመራማሪው ከባልደረቦቻቸው ጋር ባደረጉት ሙከራ ከብት በሚገባበት የደን ክፍል ችግኝ እየተረገጠና እየተበላ ሲጠፋ፣ በታጠረው ክፍል ግን ችግኝ በተሻለ ሁኔታ እንደሚበቅልና እንደሚቆይ አሳይተዋል። ከዚህም ጥናት በኋላ አሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ማርጋሬት ሎማን ከዶክተር አለማየሁና ከየአጥቢያው ካህናት ጋር ተባብረው በደኖቹ ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲሠራ አደረጉ። ድንጋዩን ገበሬው ከእርሻው ለቅሞ ስላመጣው ማሳው ጸዳለት፤ ደኑም ታጠረ። በአገር ቁሳቁስና በአገር ጉልበት የተሠራ፣ ለገበሬውም ለደኑም የጠቀመ ሥራ ነው።

ደሴት የሆነች ከተማ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር በዙሪያዋ ያለው ደጋ የጽድና የወይራ አገር ነበር። ቤተ መንግሥቱም፣ ቤተ ክርስቲያኑም፣ የመኳንንቱና የወታደሩ ቤትም የቆመው በጽድ ምሶሶ ነው፤ ጽድ ምስጥ በቀላሉ የማይደፍረው እንጨት ስለ ሆነ ግንበኛው አጥብቆ ይሻው ነበር። ወይራ ደግሞ ለማገዶና ለከሰል ተመራጭ ነበር። በእንጦጦ ላይ የነበረው ደን በጥቂት ዓመታት አለቀ። የማገዶ እጥረቱ ከመጽናቱ የተነሣ ዐፄ ምኒልክ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ላይ መናገሻቸውን በስተ ምዕራብ ደን ወዳለበት ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ሥራ አስጀምረው ነበር። የታሰበው ዝውውር ቀርቶ በዚያ የተሠራው ቤተ መንግሥት ወደ ቤተ ክርስቲያንነት ተለወጠ።

አዲስ አበባን በቦታዋ ያጸናት በ1880ዎቹ ዓ.ም. ወደ አገሩ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ስሙ ራሱ ከባሕር ማዶ መምጣቱን ይናገራል። ፈጥኖ ያድጋል፤ ሲቆረጥ እንደገና ያቆጠቁጣል፤ ለአጥር፣ ለጣራና ለማገዶ ይሆናል። የከተማይቱ ነዋሪ ለዚህ ዛፍ ያለበት ውለታ ቀላል አይደለም። ሆኖም ባሕር ዛፍ ለሰው የማገዶን ችግር ቢያቃልልም የጽድንና የወይራን ቦታ አልመለሰም። በሌላው ምድር የተመነጠሩት የአገር በቀል ዛፎች ለዘር የቀሩት በቤተ ክርስቲያን ቅጽሮችና በጥቂት የተከለሉ ግቢዎች ውስጥ ነው።

የካዛንቺስ ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። በ1928 ዓ.ም. ከተማይቱን የያዘው የኢጣልያ አስተዳደር ለሠራተኞቹ መኖሪያ የሚሆኑ ቤቶች በዚያ አካባቢ ሠራ። ሥራውን ያካሄደው የኢጣልያ የመንግሥት ሠራተኞች ቤቶች ብሔራዊ ተቋም ሲሆን፣ የተቋሙ ስም በአጭሩ ኢንቺስ ይባል ነበር። «ካዜ ኢንቺስ»፣ ማለትም የኢንቺስ ቤቶች፣ በአዲስ አበባ ሰው አንደበት ካዛንቺስ ሆነ። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ቢወጣም ስሙ ቀረ። በኋላም አካባቢው የአገርና የአህጉር ታሪክ መድረክ ሆነ። የንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት ሲከበር የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ተሠራ፤ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኤኮኖሚ ኮሚሽን በ1950 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በኢጣልያዊው አርክቴክት በአርቱሮ መዜዲሚ የተነደፈውና የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል ያለበት የአፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ።

እንግዲህ ቂርቆስና ካዛንቺስ ሁለት ዓይነት አመጣጥ አላቸው። አንደኛው ስሙን ያገኘው ከቅጽር ነው፤ ሁለተኛው ከመሥሪያ ቤት ፕላን ነው። በቅጽሩ ውስጥ ያለው ዛፍ ከቦታው ተፈጥሮ ወይም ከቀደመው ትውልድ እጅ የተረፈ ነው። በፕላኑ ውስጥ ያለው ዛፍ ለጥላና ለጌጥ ታስቦ የተተከለ ሲሆን፣ ጃካራንዳና ግራቪሊያን የመሰሉ የውጭ ዛፎች ይበዙበታል። ሁለቱም ለከተማ ይጠቅማሉ። ነገር ግን ለአገር በቀሉ ዘር መጠጊያ የሆነው በይበልጥ የመጀመሪያው ነው።

በ2017 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት በኮሪደር ልማት ሥራ ምክንያት የካዛንቺስ አሮጌ ሰፈር ሰፊ ክፍል ፈርሶ ነዋሪው ወደ ሌሎች የከተማይቱ ክፍሎች ተዛወረ። በማኅበራዊ ኑሮ ላይ ያስከተለው ለውጥ ራሱን የቻለ ጥናት የሚጠይቅ ነው። ከዕፅዋት ጥበቃ አንጻር ግን አንድ ነገር ሊታወስ ይገባል። ሰፈር እንደገና ሲነደፍ ሕንፃው፣ መንገዱና ቦዩ በአዲስ ሊተኩ ይችላሉ። አንድ የሸመገለ ጽድ ወይም ዝግባ ግን በውል ዘመን ውስጥ አይተካም።

ቅጽር ብቻውን ለምን አይበቃም

አንድ ሰው ዛፉ በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ እስካለ ድረስ ምን ያሳስባል ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። መልሱ በዛፎቹ ተፈጥሮ ውስጥ ይገኛል።

አንደኛ፣ ከአገር በቀል ዛፎች ብዙዎቹ ወንዴና ሴቴ በተለያየ ዛፍ ላይ የሚገኙባቸው ናቸው። ዝግባ እንዲህ ነው፤ ጽድና ኮሶም በአብዛኛው እንዲሁ ናቸው። በድሮ ጊዜ ለመድኃኒት ይፈለግ የነበረው የኮሶ አበባ የሴቴዋ ዛፍ አበባ እንደ ነበር ሽማግሌዎች ያውቃሉ። በአንድ ዐጸድ ውስጥ አንድ ዝግባ ብቻ ቢቀርና አቅራቢያው ሌላ ባይኖር ዛፉ መቶ ዓመት ቢኖርም ልጅ አይተካም። ለተመልካች ጤናማ ነው፤ በዘር ረገድ ግን ዕድሜውን የሚጨርስ ብቸኛ ነው። በዚህ ጊዜ የከተማ ዝግባና የሮድሪግ ደሴት ተክል አንድ ዓይነት ዕጣ አላቸው።

ሁለተኛ፣ አፈር ሁሉን ዘር አያስቀምጥም። ፕሮፌሰር ደምል ተከታይ በኢትዮጵያ ደረቅ የደጋ ደኖች ላይ ያካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ1996 በስዊድን ያቀረቡት ጥናት በአፈር ውስጥ ተቀብሮ የሚቆየው ዘር በአብዛኛው የሣርና የቅጠላ ቅጠል እንጂ የትልልቅ ዛፎች አለመሆኑን አሳይቷል። የዚህ ትርጉም ከባድ ነው። እናት ዛፎቹ ከተቆረጡ በኋላ መሬቱ ቢከለልም ደኑ በራሱ ተመልሶ ይመጣል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። ዘሩ ከሌላ ቦታ መምጣት አለበት፤ ሌላ ቦታም ከቶ መኖር አለበት።

ሦስተኛ፣ የዘሩ ጠባይ አስቸጋሪ ነው። የጽድ ፍሬ ተለቅሞ ሲመረመር ብዙው ውስጡ ባዶ ሆኖ ይገኛል። የወይራ ፍሬ አጥንቱ ጠንካራ በመሆኑ ውኃ ወደ ውስጥ ቶሎ አይገባም። የጥቁር እንጨት ዘር ከደረቀና ከቆየ የመብቀል ኃይሉን ያጣል። ስለዚህ የእህል ዘርን በቀዝቃዛ ክፍል ለዓመታት እንደሚያስቀምጡት እነዚህን ሁሉ ማስቀመጥ አይቻልም። በ1960ዎቹ መጨረሻ ዓ.ም. በጀርመን ቴክኒክ ትብብር በአዲስ አበባ የተቋቋመው የዕፅዋት ዘር ማዕከል ለሰብል ዘር ያደረገው አገልግሎት በዓለም የተመሰገነ ነው፤ ማዕከሉን ለብዙ ዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተውበታል። ነገር ግን ያው ተቋም የቡናን ዘር ለማቆየት ቀዝቃዛው ክፍል ስላልበቃው በጅማ አካባቢ በጮጬ በመስክ ላይ ቡናውን ተክሎ መጠበቅ አስፈልጎታል። እንዲህ ያለ ዘር ማስቀመጫው ሕያው ዛፍ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ለገሠ ነጋሽ እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተሙት መጽሐፍ የአገር በቀል ዛፎችን የማባዣ ዘዴ አስፍረዋል። ስለዚህ ዕውቀቱ የለም ተብሎ ሊሳበብ አይችልም።

አራተኛውና ለግንባታ ሙያተኛው ከሁሉ የሚቀርበው የመሬቱ ሁኔታ ነው። በገጠር ችግኝን የሚያጠፋው ከብት ነው። በከተማ ዐጸድ ውስጥ ከብት የለም። በፈንታው ሲሚንቶ አለ። ለምእመናን ምቾት፣ ጭቃንና አቧራን ለመከላከል በሚል በጎ አሳብ የብዙ ግቢዎች መሬት እስከ ዛፉ ግንድ ድረስ በኮንክሪትና በድንጋይ ንጣፍ ይሸፈናል። ፍሬው በንጣፍ ላይ ይወድቃል፤ በማግሥቱ ይጠረጋል። የዛፉ ጥቃቅን ሥሮች በላይኛው የአፈር ክፍል የሚኖሩ በመሆናቸው ውኃና አየር ያጣሉ። የቅድስት ሄሌና ፍየሎች የሠሩትን ሥራ በከተማ የሚሠራው ንጣፉ ነው። ትልልቁ ዛፍ ቆሞ ስለሚታይ ማንም ጉዳቱን አያስተውልም፤ የሚተካው እንደሌለ የሚታወቀው ሲወድቅ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በትክክል መነገር አለበት። ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባና ኮሶ በሌሎች የአፍሪካ አገሮችም የሚገኙ ስለ ሆኑ እንደ ቅድስት ሄሌና ወይራ ከዓለም ሊጠፉ የተቃረቡ አይደሉም። ነገር ግን ዘር ከዓለም ከመጥፋቱ በፊት ከቦታ ቦታ ይጠፋል። መንግሥትም ይህን አደጋ ተመልክቶ በ1986 ዓ.ም. ባወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና ጽድን በስም ጠቅሶ መቁረጥን ከልክሎ ነበር። አዋጁ በኋላ በወጡ ሕጎች ቢተካም፣ አራት ዛፎች በሕግ መጽሐፍ ውስጥ በስማቸው መጠራታቸው ራሱ የአደጋውን መጠን ይመሰክራል።

የመሐንዲሱ ድርሻ

መሐንዲስ በሙያው የመጠባበቂያን ትርጉም ያውቃል። አንድ ፓምፕ ብቻ ያለውን የውኃ ጣቢያ የተሟላ አይለውም፤ አንድ የመብራት መስመር ብቻ ያለውን ሆስፒታል ያለ ጄኔሬተር አያስረክብም። ይህን አስተሳሰብ ወደ ዛፍ ማምጣት አዲስ ትምህርት አይጠይቅም።

የመጀመሪያው ሥራ የሚጀምረው ከቅየሳ ነው። በቦታ ቅየሳ ፕላን ላይ ምሶሶው፣ ማንሆሉና የውኃ ቧንቧው በዓይነታቸው ተለይተው ይሰፍራሉ። ዛፍ ግን ብዙውን ጊዜ አንድ ክብ ምልክት ብቻ ነው። ባሕር ዛፉም ጽዱም በወረቀቱ ላይ እኩል ናቸው። ስም የሌለው ነገር ደግሞ በዋጋ ዝርዝር ውስጥ ቦታ የለውም፤ «ምንጣሮ» በሚል አንድ መስመር ውስጥ ይጠቃለላል። ቀያሹ ከክቡ አጠገብ የዛፉን ስምና የግንዱን ውፍረት ቢጽፍ፣ ፍሬ በሚታይበት ወራትም ሴቴ መሆኗን ቢያመለክት፣ ነዳፊው መንገዱን በጥቂት ሜትር ለማዛወር ምክንያት ያገኛል። ስሙን ማወቅ የሚያስቸግር ከሆነ እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 የተፈጸመው ባለ ስምንት ቅጽ የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መዝገብ አለ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ብሔራዊ የዕፅዋት መዘክርም ለዚሁ አገልግሎት የተቋቋመ ነው።

ሁለተኛው ሥራ ንጣፍን መወሰን ነው። የግቢ መሬት በድንጋይ እንዲለበስ ሲነደፍ በሸመገለው ዛፍ ዙሪያ ቢያንስ እስከ ቅርንጫፎቹ ጥላ ዳርቻ ያለው አፈር ክፍት ሆኖ እንዲቀር፣ የዝናቡም ውኃ ወደ ቦይ ብቻ ሳይሆን ወደዚያ አፈር እንዲመራ ማድረግ ይቻላል። ይህ የሚቀንሰው የኮንክሪት መጠን እንጂ የሚጨምረው ወጪ ትንሽ ነው። ሊበቅል የሚችለውን ችግኝ ከእግር ለመጠበቅ ዝቅ ያለ የድንጋይ ካብ ይበቃል፤ የደቡብ ጎንደር ካህናትና ገበሬዎች ያለ ሲሚንቶ ሠርተውታል።

ሦስተኛው ሥራ መድገም ነው። ከከተማይቱ ዐጸዶች ዘር በየዓመቱ ሊለቀም ይችላል። ዘሩ ከአንድ ዛፍ ብቻ ሳይሆን ከብዙ እናት ዛፎች ቢሰበሰብ፣ ከየት እንደ መጣም ቢመዘገብ፣ የተገኘው ችግኝ በጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል፣ በትምህርት ቤቶችና በቀበና ወንዝ ዳርቻ ቢተከል፣ የአንድ ቅጽር ዛፍ ሁለተኛና ሦስተኛ ቦታ ያገኛል። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው የአረንጓዴ ዐሻራ መርሐ ግብር ሕዝቡን ለተከላ እንዳስለመደው ይታወቃል። ከችግኙ ብዛት ጎን የችግኙ ስምና የዘሩ ምንጭ ቢጻፍ የተከላው ዋጋ ከፍ ይላል። ነጠላ ሴቴ ዝግባ ባለችበት ግቢ አጠገብ የታወቀ ወንዴ መትከል ከሺህ የጌጥ ችግኝ የበለጠ ሥራ የሚሠራበት ጊዜ አለ።

የቅድስት ሄሌና ወይራ ሲፈለግ የተገኘው አንድ ዛፍ ብቻ ከቀረ በኋላ ነበር። ከዚያ ወዲያ የሰው ትጋት ሃያ ስድስት ዓመት ቢታገልም አልቻለም። በትውፊት እንደሚነገረው ከወፍ ዋሻ ወደ መናገሻ የሄደው የጽድ ዘር ግን የተወሰደው ደኑ በሙሉ ጤናው ቆሞ ሳለ ነው። በቂርቆስና በካዛንቺስ በየቅጽሩ የቆሙት ዛፎች ዛሬ ያሉት በእነዚህ በሁለቱ ሁኔታዎች መካከል ነው። ገና ብዙዎች ናቸው፤ ገና ያፈራሉ። በሚቀጥለው የቅየሳ ወረቀት ላይ ከክቡ አጠገብ «ጽድ» ወይም «ዝግባ፣ ሴቴ» ብሎ መጻፍ ለቀያሹ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።